በደልጊ የተመረገው ውቅያኖስ

ደልጊ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እጮኛዬ ሰገነት አካሉ፣
ባሕር ዳር

በመካከላችን የተኛውን ውሃ ሁሉ፣ ጉማሬውን ጨምሮ፣ ምስክር አድርጌ እንደምን ሰነበትሽ እልሻለሁ። እኔን ካልሽ፣ ከናፍቆትና ከወባ ትንኝ በቀር የሚነክሰኝ የለም።

ስለ ማመልከቻዬ ለጠየቅሽኝ መልሱ አጭር ነው። ሦስተኛውም ተመልሷል። እንደ ፊተኞቹ «አይቻልም» አላሉም፤ «በጥሞና ታይቷል» ብለው ነው የመለሱት። አይቻልም ያለ ሰው ነገ ሊራራ ይችላል። በጥሞና አይቶ የመለሰ ግን ተስፋ የለውም። መምህርን ከጎንደር ክፍለ ሀገር ወደ ጎጃም ክፍለ ሀገር ከማዛወር ጣናን በጭልፋ ቀድቶ ማዛወር ይቀላል ብለውኛል። ጭልፋውን ግን አልሰጡኝም።

አባትሽ ለላክኋቸው ሽማግሌዎች የሰጡትን ቃል አልረሳሁም። «ልጄን ሐይቅ አሻግሬ አልድርም። ልጁ ባሕር ዳር ተዛውሮ ይምጣና ሠርጉ በጥር ይሁን። በጥር ካልመጣ ሌላ ጠያቂ አለ፤ እሱም የሚኖረው ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ ነው።» ስለ ሦስተኛው በር ሳስብ ምሳ አይወርድልኝም። እራት ግን ይወርዳል፤ ዋሽቼሽ አላውቅም።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ከሐይቁ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ የሳይንስ ትርኢት እንዲያዘጋጁ ታዟል። በታኅሣሥ ዳኞች እየዞሩ ያያሉ። አንደኛ የወጣው ትምህርት ቤት አዘጋጅ መምህር «ወደ መረጠው ሥፍራ ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ ይዛወራል»። ይህ ቃል ማኅተም በተመታበት ወረቀት ላይ ሰፍሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅተሙንም በጣቴ ነካሁት፤ ቀለሙ ይለቃል፣ እውነተኛ ነው።

ርዕስ የተሰጠን በዕጣ ነው። የቆላ ድባው መምህር እጁን ባርኔጣው ውስጥ ከተተና «የእህል ነቀዝና መከላከያው» የሚል አወጣ። ቆላ ድባ እኮ የእህል ገበያ ነው፤ ነቀዙ ራሱ መጥቶ ንግግር ሊያደርግ ይችላል። እኔ እጄን ከተትሁና ይህንን አወጣሁ፦ «የዋልታ ውቅያኖሶችና የባሕር በረዶ በበረዶ ዘመን የካርቦን ክምችት ላይ የነበራቸው ሚና»። ርዕሶቹን ያዘጋጀው ሰው ግማሹን ከግብርና ጋዜጣ፣ ግማሹን ከባሕር ማዶ መጽሔት ሳይገለብጥ አልቀረም። ይቀየርልኝ አልሁ። «ዕጣና ሚስት አይቀየሩም» አሉኝ። ሚስቱን መች አገኘሁና ብዬ ዕጣዬን በኪሴ ከተትሁ።

የማስተምረው አማርኛ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሳይንስ ክበቡን የያዝሁት ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ደልጊን ከረገጠ ሦስት ዓመት ስላለፈው ነው። አንቺ ግን እዚያው ባሕር ዳር ቀን በቀን የምታስተምሪው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዕጣዬ ዕጣሽ ሆኗልና እባክሽ ንገሪኝ፦ ዋልታ ላይ ምን ተደረገ? ካርቦኑንስ ማን ወሰደው?

ሠርጉ በበረዶ ላይ የቆመው፣
አለበል


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

አለበል፣

ደብዳቤህ በወይዘሮ ዘይነት እጅ ደረሰኝ። ከደልጊ ሸቀጥ ይዘው የሚመጡበት ጀልባ በሰዓቱ ገብቷል። በርበሬ ጆንያ ውስጥ ከተውት ስለነበር ሳነበው እንባዬ ወረደ፤ በሌላ እንዳትተረጉመው።

በወይዘሮ ዘይነት አፍ ላስጠየቅከኝ፦ አይ፣ አባቴ አልተቆጣም። አባቴ ሲቆጣ ይናገራል፤ ዝም ያለው እያሰበ ስለሆነ ነው። የሦስተኛው በር ጎረቤታችንም ስንት ጊዜ እንደመጣ ጠይቀሃል። አልቆጠርኩም። ስምንት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ በረዶህ። ፔዳ ኮሌጅ ያሉ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ዘንድ ሄጄ ሁለት ከሰዓት ሙሉ ጠየቅኳቸው። የነገሩኝን እነሆ፤ አንዳች ሳትጨምር ተማርልኝ።

በምድር ደቡብ ጫፍ፣ አንታርክቲካ ላይ፣ በረዶ በበረዶ ላይ ሲከመር ሺህ ዘመናት ኖሯል። ሲከመር አየር በመካከሉ ይቀራል፣ ጥቃቅን አረፋ ሆኖ። ሊቃውንቱ ያንን በረዶ በመሰርሰሪያ እያወጡ አረፋውን ለኩት። ከሃያ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ምድር በቀዘቀዘችበት ዘመን፣ በአየሩ ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው በሲሶ ያህል አንሶ ተገኘ። ሲሶው የት ሄደ? ጫካ ውስጥ ነው እንዳትል፣ ጫካውም በብርድና በድርቅ ተመናምኖ ነበር። የቀረው ባሕሩ ብቻ ነው።

ባሕር እንዲህ ያደርጋል። በገጹ ላይ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ዕፅዋት ካርቦኑን ይመገባሉ። ሲሞቱ ይሰምጣሉ፣ እታች ይበሰብሳሉ፣ ካርቦኑም በጥልቁ ውሃ ውስጥ ይከማቻል። ያ ጥልቅ ውሃ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣበትና ትንፋሹን የሚለቅበት ዋናው ቦታ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው ውቅያኖስ ነው። እንግዲህ በበረዶ ዘመን የዚያ ባሕር ገጽ በሰፊው በበረዶ ተከድኖ ከነበረስ? ትንፋሹ መውጫ አያገኝም። እታች ይቀራል። አየሩም ሙቀት የሚይዝለትን ካርቦን አጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ በረዶው ይሰፋል።

መምህሩ «ይህ ገና ክርክር ነው፤ የበረዶው ክዳን ስንቱን እንደያዘ የሚያውቅ የለም» ብለዋል። አንተም «ክርክር ነው» በል። ሰው ፊት ስትቆም ያልተባለ ነገር እንደምትጨምር ስለማውቅ ነው የምለምንህ። ባለፈው ዓመት በሽማግሌዎቹ በኩል ለአባቴ ላም አለኝ ብለህ ነበር።

ለማሳየት ቀላሉ የለስላሳ ጠርሙስ ነው። አንዱን በቆርኪው እንዳለ፣ አንዱን ከፍተህ አስቀምጠው።

ሰገነት


ደልጊ፣ ኅዳር 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

መምህርቴ ሰገነት፣

ላሟ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ተሸጠች እንጂ።

ይበላል ወይ ብለሽ ወይዘሮ ዘይነትን ጠይቀሻል አሉ፤ አዎ፣ እበላለሁ። ሰኞ ዓሣ፣ ማክሰኞ ዓሣ፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ቅዳሜ ለለውጥ ያህል ዓሣ። ልብሴንም የማጥበው ራሴ ነኝ፤ ሌላ ወሬ ሰምተሽ ከሆነ ወሬውን ያመጣውን ሰው ላኪልኝና የእሱንም አጥብለታለሁ።

ለስላሳ ያልሽው ግን ደልጊ አይሆንም። እዚህ ለስላሳ የሚመጣው ባለሥልጣን ሲመጣ ነው፤ ከባለሥልጣኑ ጋርም ያልቃል። እኔም ምን ላድርግ ብዬ ጠላ የሚሸጡት ጎረቤቴ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፍ ተቀምጬ ሳስብ፣ እሳቸው የጋኑን አፍ በጭቃ ሲመርጉ አየኋቸው።

«ለምንድን ነው የሚመርጉት?» አልኋቸው።

«ነፍሱ እንዳይወጣ ነዋ። ያልተመረገ ጠላ ሬሳ ነው። ይህንንም ሳያውቁ ነው መምህር የሚሆኑት?»

ሰገነት፣ ያን ጊዜ ደቡባዊው ውቅያኖስ ወለል ብሎ ታየኝ። ጋኑ ባሕሩ ነው። እታች የሚፈላው ድፍድፍ ያ የሰመጠው ዕፅዋት ነው። ጭቃው በረዶው ነው። ሁለት ጋን አቆማለሁ፤ አንዱ የተመረገ የበረዶ ዘመን፣ አንዱ አፉ የተከፈተ የዛሬ ዘመን። እማማ ጋናቸውን ሊያውሱኝ ተስማሙ፤ «ነገር ግን ጠላዬ ውስጥ ባዕድ ነገር አይገባም» ብለው አስምለውኛል።

ችግሩ ጓድ አስናቀ ነው። የወረዳው የፓርቲ ተወካይ ነው፤ ትርኢቱ በመስመር መሄዱን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ጽሑፌን አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ካሰመረበት በኋላ አስጠራኝ።

«እንግዲህ ጓድ አለበል፣ ይህ ውቅያኖስ የብዙኃኑን ካርቦን ሰብስቦ ከጓዳው ደብቋል ማለት ነው?»

«አከማችቷል ይሻላል፣ ጓድ።»

«አየሩ ተቸግሮ እያለ?»

«እንግዲህ... አዎ።»

«ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። በግልጽ ይጻፍ።»

ወይዘሮ ዘይነት ከሱቃቸው ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ «እኔ በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት በአንድ ኩንታል ስኳር ተከስሼ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። ለውቅያኖሱ ጠበቃ አቁሙለት፤ ብቻውን አይችላቸውም» አሉ። አንቺስ ምን ትያለሽ? አሻጥር ልጻፈው ወይስ አልጻፈው?

ሌላም አንድ ትንሽ ነገር ነበረ፤ የፊርማ ነገር ነው። ጀልባዋ እየጮኸች ስለሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አትጨነቂ።

ጭቃ በጭቃ የሆነው፣
አለበል


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

አለበል፣

ጀልባዋ አልጮኸችም። ወይዘሮ ዘይነትን ጠየቅኳቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ደብዳቤህን ቆመው እንደጠበቁ ነገሩኝ። የፊርማውንም ነገር ነገሩኝ።

በትርኢቱ ለመግባት ስትል «አንደኛ ካልወጣሁ ለሁለት ዓመት ዝውውር አልጠይቅም» ብለህ ፈርመሃል። ሁለት ዓመት! ቆላ ድባም ፈርሟል አትበለኝ፤ የቆላ ድባው ሰው አባቱ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ሁለት ዓመት ቢቀመጥ እናቱ ትደሰታለች። አንተ የፈረምከው በእኔ ጥር ላይ ነው። ሳትነግረኝ መፈረምህ አናደደኝ፤ ደብቀኸኝ በጀልባ ማሳበብህ ደግሞ አሳቀኝ። መናደዴን ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈልጌ ነበር፤ በሳቁ ምክንያት አንድ ተኩል ቀን ብቻ ወሰደ። የቀረውን ስንገናኝ እጨርሰዋለሁ።

ለጥያቄህ፦ አሻጥር ብለህ እንዳትጽፍ። ውቅያኖስ አይደብቅም። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ የያዘውን መልሶ ለቋል፤ ደብቆ የሚመልስ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? ጓድ አስናቀ ካስጨነቀህ «ለጊዜው በአደራ ያዘ» በለው።

አሁን የማይታመን ነገር ልንገርህ። አባቴ እራት ላይ በረዶህ ምን እንደደረሰ ጠየቀኝ። ለምን እንደምትለፋበት አልነገርኩትም፤ የጋኑን ነገር ብቻ ነገርኩት። አንተ እንደምታውቀው አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጉርሻውን እንደያዘ አሰበ አሰበና፣ «ክዳን ብቻ አይመስለኝም» አለ።

«ታዲያ ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«እኛ ገንዳው ውስጥ ጨው እንጨምራለን። ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳል፤ እታች ይተኛል። ካላማሰልነው ከላይኛው ጋር አይገናኝም፤ ሙሉ ቀን ቢቀመጥ አይገናኝም። ባሕሩንም የሚያማስለው ከሌለ፣ እታች ያለው ባይከደንም አይወጣም።»

በማግስቱ ፔዳ ሄጄ ለመምህሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሊቃውንቱ የሚከራከሩት ይህንኑ ነው፤ ክዳኑ ነው ወይስ አለመማሰሉ? በረዶ ሲሠራ ደግሞ ጨውን ከውስጡ ያወጣል፤ ያ ጨዋማ ውሃ ከብዶ ይሰምጣል። አባትሽ የት ነው የተማሩት?» አሉኝ። ገንዳ ዳር አልኳቸው።

ስለዚህ ሦስተኛ ነገር ጨምር። በትልቅ ጠርሙስ እታች ጨዋማ ውሃ በሰማያዊ ቀለም አቅልመህ፣ ከላዩ ንጹሕ ውሃ በቀስታ አፍስስበት። ሳይነካ እንዲቆም አድርግ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክኩልህ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ያለው ነጭ ነገር ደግሞ ኖራ ነው፤ እንዳትልሰው። በውሃ አሟሟና ካጠለልከው በኋላ የጠራውን በሣህን አድርገህ ጋኑ አፍ ውስጥ አንጠልጥለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው እንደ ወተት ይነጣል። በዓይን የሚታይ ማስረጃ ይህ ነው።

የቀረውን አንድ ተኩል ቀን ያስቀመጠችልህ፣
ሰገነት


ደልጊ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሰገነቴ፣

ስለ ፊርማው በድያለሁ። ከዚህ በላይ ብጽፍ ማስዋብ ይሆናልና እዚህ ላቁመው። ስንገናኝ የቀረኝን አንድ ተኩል ቀን ሳልከራከር እቀበላለሁ፤ ከተቻለ በሁለት ጊዜ ይሁንልኝ።

አዎ፣ ሞክሬዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ሁለት እንስራ ጠላ አቁሜ፣ በየአፋቸው የኖራውን ውሃ በሣህን አንጠለጠልሁ። አንዱን መረግሁት፣ አንዱን ከፍቼ ተውሁት። በአራተኛው ቀን የተመረገው ውስጥ ያለው ሣህን ወተት ሆኖ አገኘሁት፣ ክፍቱ ግን እንደ ነበረ ነው ማለት ይቻላል። ተቀምጬ ሳቅሁ። ሰው ብቻውን ሲስቅ የሰማ ጎረቤት ምን እንደሚል አንቺ ትገምቺዋለሽ፤ ጸበል እንድሄድ ተመክሬያለሁ።

የአባትሽ ጠርሙስ ደግሞ ጉድ ነው። ወይዘሮ ዘይነት የከረሜላ ጠርሙሳቸውን አውሰውኛል። ሰማያዊው እታች ተኝቷል፣ ንጹሑ ከላይ፤ ስምንት ቀን ሆኖታል፣ ድንበራቸውን አልጣሱም ማለት ይቻላል። ገበሬዎች እየመጡ ያዩታል። አንዱ «እንዲህ ያለ ጎረቤት አጣሁ» ብሎ ሄደ።

ጓድ አስናቀ «በአደራ ያዘ» የሚለውን አልተቀበለም፤ «በጊዜያዊነት ከስርጭት አገደ» በሚል ተስማምተናል። ደግሞም «በረዶው ለደልጊ ገበሬ ምኑ ነው?» ብሎ ሊያፋጥጠኝ ሲል፣ መምህሩ ነግረውሽ በወይዘሮ ዘይነት አፍ የላክሽልኝን የስሜን ተራራ ነገር አወጣሁለት። ያን ጊዜ ስሜን ላይም የበረዶ ግግር እንደነበረ፣ ድንጋዩ ላይ እስከ ዛሬ ጭረቱ እንዳለ ነገርሁት። «የእኛው በረዶ ነው በለኛ» አለና ደስ አለው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ በረዶ ዘመን እንደ ዘመዱ ነው የሚያወራው።

በየማሳያው ግርጌ የጽሑፍ ሰሌዳ አለ። በጠርሙሱ ግርጌ የጻፍሁት እንዲህ ነው፦ «ሦስተኛ ማሳያ፦ ያልተማሰለው ባሕር። አሳቡ የአቶ አካሉ፣ የጨርቅ ማቅለም ባለሙያ፣ ባሕር ዳር።» ከበሬታ ለማግኘት አይደለም። የሰውየው አሳብ ስለሆነ ነው። ለእሳቸው ግን እንዳትነግሪያቸው፤ አቆላመጠኝ ይላሉ።

ዳኞቹ የሚመጡት ታኅሣሥ 18 ነው። የእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ትልቁ ጋን፣ አፉ ከሚከፈተው ጓደኛው ጋር፣ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሣህኑን አንጠልጥዬ የመረግሁት እሳቸው ገበያ ሳሉ ነው፤ ስለ ባዕድ ነገር ያስማሉኝን አውቃለሁ፣ ግን ጠላውን አይነካውም። ዳኞቹ ፊት ጭቃውን ሰብሬ ነጩን ሣህን ሳወጣ ይታይሽ።

አለበል


ደልጊ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሰገነት፣

ልብሽ እንዳይሰቀል መጀመሪያውን ልንገርሽ። ሁለተኛ ወጣሁ።

እንዴት ሆነ ማለትሽ አይቀርም። ዳኞቹ በጀልባ ይመጣሉ ተብሎ ጓድ አስናቀ፣ እኔ፣ ተማሪውና መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ሁላችን ወደቡ ላይ ተሰልፈን ነበር። ዳኞቹ ግን ከቆላ ድባ በበቅሎ መጥተው በላይኛው መንገድ ገቡ። ሦስት ሰዎች፣ አቧራ የለበሱ፣ ከንፈራቸው የደረቀ፣ ትምህርት ቤት ቢደርሱ ያገኙት እማማ ወለተ ጊዮርጊስን ብቻ ነው፤ ጋናቸውን ሲጠብቁ።

አሁን በእሳቸው ቦታ ሁኚና ፍረጂ። የአገር እንግዳ መጥቷል። ተጠምቷል። ፊቱ የተመረገ ጋን ቆሟል። እሳቸውም ጭቃውን ሰበሩት።

ከዚያ ሣህኑን አዩት። በጾመ ነቢያት፣ ጠላ ጋን ውስጥ፣ የተንጠለጠለ ወተት።

«ምን ጉድ ነው?» ብለው አማትበው፣ ጠላውን አለመንካቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ ማስረጃዬን ወስደው ከአጥሩ ውጭ ደፉት። የጎረቤት ውሻ እንኳ አልቀመሰውም ይላሉ፤ «ወተት ቢሆን ኖሮ መች ይተወው ነበር?» ብዬ ልከራከር ብሞክር፣ «ውሻውም ይጾማል፣ እርስዎ ነዎት እንጂ» አሉኝ።

ወደቡ ላይ አንድ ሰዓት ቆመን ስንደርስ የዳኞቹ ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ሐዋርያት ሦስተኛውን ዋንጫ ይዘዋል። ደቡባዊው ውቅያኖስ ከወገቡ በታች ወርዷል። ክፍቱን ጋን ቀምሰው «ይህ ሞቷል» ብለው ትተውታል፤ የተመረገውን ግን አመስግነዋል። እኔም ያን ጊዜ ሳይንሱ በምላሳቸው ተረጋግጧልና ማስረጃ ይሁነኝ ብል፣ በቃለ ጉባኤው እንዲህ ጻፉ፦ «ቀዳሚው ማሳያ በምርመራ ወቅት በማለቁ ዳግመኛ ለማየት አልተቻለም።»

ጓድ አስናቀ ብቻ ረክቷል። ባዶውን ጋን አይቶ፣ «ከስርጭት ታግዶ የነበረው ሀብት ለሕዝብ ተዳርሷል» ብሎ አጨበጨበ። ለበላይ አካል የላከው ሪፖርትም ይህንኑ ይላል።

ለሁለተኛነት ያበቃን የአባትሽ ጠርሙስ ነው። እማማ «ሰማያዊ ነገር ለእንግዳ አይቀርብም» ብለው አልነኩትም። አቶ ወልደ ሐዋርያት ጎንበስ ብለው ሰሌዳውን አነበቡ፣ ጠርሙሱን ረጅም ጊዜ አዩ፣ በእንጨት ማማሰልና ማየት ፈልገው «ይቅር፣ ያሳዝናል» ብለው ተዉት። በቃለ ጉባኤው ላይ «ከአቶ አካሉ ባሕር በቀር የሚታይ አልተገኘም፤ እሱ ግን ከሁሉም የላቀ ነው» ብለው አስፍረዋል። አንደኛው ቆላ ድባ ነው። ነቀዙ አልተጠጣበትም።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ነገሩ ምን እንዳስከተለ የነገራቸው ሰው አለ። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው አልኋቸው፤ ነውም። ሣህኑን ባልደብቃቸው ኖሮ ይጠብቁልኝ ነበር። አንቺንም የፊርማውን ነገር ባልደብቅሽ ኖሮ ዛሬ ይህን ሳልጽፍ በሌላ መንገድ እናስብ ነበር። የመደበቅ አመል እንዳለብኝ ያወቅሁት በዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓመት። ጥር አሥር ቀን ቀርቶታል። አባትሽ ቃላቸውን አያጥፉም፣ አንቺም የሁለት ዓመት ጠባቂ የምትሆኚበት ዕዳ የለብሽም። ሦስተኛው በር ያለው ሰው ጥሩ ሰው ነው ይባላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ አራተኛው ላይ ነው እጄ የታዘዘልኝ። የምትወስኚው አንቺ ነሽ፣ አልከራከርም።

አለበል


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

አለበል፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰህ። ያበላሸሃቸውን ሦስት ወረቀቶች ስንገናኝ አሳየኝ፤ ከአራተኛው የሚሻሉ ይመስለኛል።

አባቴ ከደብዳቤህ ነው ወይ የሰማው ማለትህ አይቀርም። አይ፣ አባቴ ከደብዳቤህ አልሰማም። ወይዘሮ ዘይነት ቀድመውህ ነው፤ ቤታችን መጥተው ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩት፤ ጋኑን፣ ውሻውን፣ ጭብጨባውን። አባቴ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። ከዚያ ስለ ጠርሙሱና ስለ ሰሌዳው ነገሩት። ሳቁን አቆመ።

«ስሜን ጽፎ ነው?» አለ።

«ከነሥራዎ፣» አሉት።

«ማንም አላዘዘው?»

«ማን ያዘዋል? ማንም እንዳይነግርዎ ብሎ ለምኖ ነበር።»

ኋላ እኔን ጠርቶ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ስሜ የተጻፈው የቀሪዎች መዝገብ ላይ ብቻ ነው። እሱም እናትሽ የሞተች ቀን» አለኝ። «ይህ ጎረቤታችን ስድስት ዓመት ቡና ጠጣብኝ፤ አንድ ቀን ቀለም እንዴት ይያዛል ብሎ አልጠየቀኝም።» ሐይቅ አሻግሬ አልድርም ያለውን ባነሳበት፣ «ሐይቅ ምንድን ነው? ውሃ ነው። ጀልባ አለ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ዳኛው ጠርሙሱን ባለማማሰላቸው ተናደደ፤ ማማሰሉን ካላዩ ምኑን አዩት ብሎ። ራሱ መጥቶ ሊያሳያቸው ይፈልጋል። እምቢ ብትል ይመጣል፣ እሺ ብትልም ይመጣል።

ስለዚህ አሁን የእኔን ውሳኔ ስማ። አንተ ከደልጊ መውጣት አትችልም፣ ፈርመሃል። እኔ ግን ምንም አልፈረምኩም። ደልጊ የኬሚስትሪ መምህር ካጣች ሦስት ዓመት እንዳለፋት በጥቅምት የነገርከኝ አንተው ነህ። ሦስት ማመልከቻ ስትጽፍ፣ ዕጣ ስትጎትት፣ ውቅያኖስ ስትመርግ፣ እኔስ ምን እጠብቃለሁ ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም ነበር፤ ሁለታችንም እኩል ሞኞች ነን። ከዚህ በኋላ አንዳችን የምናስበውን ለሌላው ሳንነግር አንውልም። ይህ የመጀመሪያው ግዴታህ ነው። ሁለተኛው፣ የሳይንስ ክበቡን ታስረክበኛለህ። አንተ አማርኛ አስተምር።

ሠርጉ ጥር 17፣ እሁድ ነው። ለእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ንገራቸው፤ ጠላውን እሳቸው ይጥመቁ። ወደ ባሕር ዳር ከነጋናቸው ይምጡ፣ ለጀልባው ወይዘሮ ዘይነት ተስማምተዋል።

ማክሰኞ ዕለት ማመልከቻዬን ይዤ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ለአንተ ሦስት ጊዜ በጥሞና የታየው ነገር ለእኔ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ስንቅ ቋጥሬ ነበር። ባለሙያው ወረቀቱን አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና አነበበ።

«ወደ ደልጊ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ከባሕር ዳር?»

«አዎ።»

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ለእኔ አትደብቂኝ፤ ወደዚያ በፈቃዱ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም። ጥፋትሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ላገባ ነው።»

«እሱን ቀድመሽ አትይም?» ብሎ ማኅተሙን መታው።

ሰገነት